የሚስተር ፒኬት ስድስት ደቂቃ ከግማሽ

ሰኞ፣ ጁን 4፣ 1973። ሎስ አንጀለስ

የሰዓት ቤቱን ትዕይንት ዛሬ ቆርጬ ጨረስኩ። ቆርጬ ማለቴ ውሸት ነው። ስድስት ደቂቃ ከግማሹን እንዳለ ተውኩት። አስራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ዘጠኙን የቴሌቪዥን ዜና ስቀጣጥል፣ ሁለቱን ደግሞ የሌላ ሰው ረዳት ሆኜ። የምነካው ነገር ያጣሁት ዛሬ ገና ነው።

ፊልሙ የድዋይት ፌልተን ነው። ጽፎታል፣ ዳይሬክትም አድርጎታል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የዲትሮይት ልጅ፣ ሲናደድ ይንተባተባል። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ልጅ ከቬትናም ሲመለስ ታናሽ ወንድሙን ዕፅ ሻጮች ገድለውት ይደርሳል። አባትየው ሴንትራል ጎዳና ላይ ሰዓት ይጠግናል። ልጁ አባቱ ሱቅ ውስጥ የተቀመጠውን ሽጉጥ ሊወስድ ይመጣል። አባትየው በሩን ይከፍትለታል፣ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ያወራዋል። አባትየውን ሆነው የሚጫወቱት ሚስተር ኤልስዎርዝ ፒኬት ናቸው። ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አያደርጉም። ሲቀረጽ መብራት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ባሉበት ደርቀው ቀሩ ብሎኛል ድዋይት።

ማማ እራት ላይ "የትኛው ፒኬት?" አለችኝ። ነገርኳት።

"እንዴ! ያ ቀጭኑ ሰውዬ? እኔ እሱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ሲከፍት ነው ያየሁት። ለነጭ ጌታው በር ይከፍታል፣ ኮት ይቀበላል፣ ይጠፋል። አንድ ቀን ቁጭ ሲል አላየሁትም።"

"እዚህ ቁጭ ብለዋል፣ ማማ።"

"ስንት ደቂቃ?"

ስነግራት ሹካዋን አስቀመጠች። እሷም አርባ ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ነው የኖረችው።

ቅዳሜ፣ ጁን 9

ሚስተር ፒኬት መቁረጫ ክፍሌ ድረስ መጡ። ግራጫ ሱፍ፣ ባርኔጣ በእጃቸው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ። የቤተ ክርስቲያናቸው ምእመን ሲስተር ኦፊሊያ ናት የጋገረችው።

"ሚስ ጋዝዌይ፣ ካስቸገርኩ እመለሳለሁ።"

"ኧረ ይግቡ! ትዕይንትዎን ላሳይዎት?"

"አይ፣ አላይም። ሕዝብ ሲያየው አብሬ ነው የማየው።"

ከቆምኩበት ወንበሩን ስቤ ሰጠኋቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃምሳ ሦስት ፊልም ሠርተዋል። "ስም የነበረኝ በአራቱ ነው" አሉኝ እየሳቁ። "በተቀረው 'አሳላፊው' ነኝ። 'ሻንጣ ተሸካሚው' ነኝ። አላፍርበትም። ቤት ገዛሁበት፣ ልጅ አስተማርኩበት። የሚያፍርበት ልጄ ነው።"

ልጃቸው ሌላንድ ይባላል። ኦክላንድ ያስተምራል። ልጅ እያለ የሰፈር ልጆች ከኋላው እየተከተሉ፣ ወገባቸውን ጎንበስ አድርገው፣ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ" ይሉት ነበር። ካነጋገራቸው ስድስት ዓመት ሆኖታል። መጨረሻ ላይ ያላቸው ነገር፣ "አንተ በር በከፈትክ ቁጥር እኛ ላይ ይዘጋል" የሚል ነው።

"ሕዝብ የሚያየው ቀን እንዲመጣ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ" አሉ። "ይሄን ሲያይ..."

 ባርኔጣቸውን አዙረው ውስጡን አዩት።

እኔ፣ "ያየዋል" አልኳቸው። ማን አድርጎኝ ነው የምለው?

ሐሙስ፣ ጁን 14

ግሪር ፊልሙን አየ። ፕሮዲዩሰሩ። ሰዓት ቤቱ ትዕይንት ላይ ሁለቴ የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ። ከኋላው ሆኜ እሱን ነው ሳይ የነበረው። ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጥሩ እጅ አለሽ" አለኝ። ሌላ ምንም። ድዋይት ኮሪደሩ ላይ ሲጋራ በሲጋራ። ራሴን አሞኛል።

ሐሙስ፣ ጁን 21

ስብሰባ። ግሪር፣ ሁለት የፊልም አከፋፋዩ ድርጅት ሰዎች፣ ድዋይት፣ እኔ። ከጥቁር እኔና ድዋይት ብቻ።

ግሪር ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። "አስራ ሁለት ደቂቃ ይረዝማል። የትኛው እንደሚወጣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ተኩሱን አትንኩብኝ። ዲትሮይትና ቺካጎ ያሉ ሰዎቻችሁ የሚገቡት ለተኩሱ ነው።"

"ሰዎቻችሁ" አለ። ድዋይት መንተባተብ ጀመረ። የምሽት ክለቡ ድብድብ ይውጣ አለ። ለብቻው አራት ደቂቃ ነው፣ ወንበር ከመሰበር በቀር ምንም የለውም አለ። የአከፋፋዩ ሰውዬ ያቺን ወንበር እንደሚወዳት ተናገረና ሳቁ። ድዋይት አልሳቀም። እንደዚያ ለአንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ።

ከዚያ የሰዓት ቤቱ ነገር ተነሳ።

ግሪር ወደ እኔ ዞረና "ይቺ ሴትዮ ዓይን አላት" አለ። አለቀ።

አሳንሰሩ ውስጥ ድዋይት ቁጥሮቹን ነው ያየው። ስድስት፣ አምስት፣ አራት።

የሚያሳጥር ሰው ካልኖረ ፊልሙን ለሌላ ቆራጭ ይሰጡታል። ለአንዱ ነጭ። እሱ ሙሉውን ያወጣዋል። እኔ ከያዝኩት ቢያንስ ልቡን አተርፋለሁ።

ዓርብ፣ ጁን 22

ወደ አራት ደቂቃ አወረድኩት። አሁንም ያምራል። እውነቴን ነው፣ ያምራል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 3

ሚስተር ፒኬት ስልክ ደወሉ። ግሪር "አሁንም ይጎተታል" ብሎ ሁለት ደቂቃ ያደረስኩት ትናንት ነው።

"እንዴት ነው ሥራው፣ ሚስ ጋዝዌይ?"

"እየተስተካከለ ነው።"

"እሱን ስሰማ ደስ አለኝ። ሲስተር ኦፊሊያ አውቶቡስ እንከራይ እያለች ነው። ሠላሳ ሰው አስመዘገበች።"

"ሠላሳ?"

"ብዙ ነው እንዴ? ቦታ ይጠባል?"

"አይጠብም" አልኳቸው። "ይምጡ።"

ማማ ሳሎን ሆና ሴኔቱ በፕሬዚዳንቱ ሰዎች ላይ ያደረገው ምርመራ በቴሌቪዥን ሲደገም ስታይ ነበር። "ማን ነው?" አለች። "የሥራ ጉዳይ ነው" አልኳት። ማማን "የሥራ ጉዳይ ነው" ብዬ መልሼላት አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ጁላይ 11

ግሪር ምሳ ጋበዘኝ። ነጭ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ አሳ ከነአጥንቱ። "ማርቪን በይኝ" አለኝ። አላልኩትም።

ቀጣዩን ፊልም ዳይሬክት እንዳደርግለት ይፈልጋል። ራሴ! "ጥቁር ሴት ዳይሬክተር" አለ፣ እጁን በአየር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ፣ ጋዜጣ ላይ በትልቁ እንደተጻፈ። "ያብዳሉ! አንቺ ደግሞ ከድዋይት ትለያለሽ። አንቺ ሰው ትሰሚያለሽ።"

ይሄ ከሰዓት ቤቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አስራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ከኔ በፊት እዚያ መቁረጫ ክፍል የገባች ጥቁር ሴት ብትኖር መጥረጊያ ይዛ ነው። አንዷ በር ላይ ካልቆመች ሌላዋ በየት ታልፋለች? ለማማ እንደዚህ ብዬ አስረዳኋት። ማማ ሰማችኝና "እኔ ምን አልኩ?" አለች።

ሰዓት ቤቱ አሁን አርባ ሰከንድ ነው። ከዚህ በታች አልሄድም ብያለሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 19

የፊልሙ ስም ተቀየረ። "ሰዓት ጠጋኙ" የነበረው "ጥይት በሴንትራል" ሆነ። ፖስተሩ ላይ ልጁ ደረቱን ከፍቶ ቆሟል፤ እግሩ ሥር አንዲት ሴት አለች፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለች ሴት። ድዋይት ፖስተሩን አይቶ ወጣ። አልተመለሰም።

አርባው ሰከንድም ሄደ። አባትየው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ዝም ሲል ሞኝ ይመስላል፤ ሞኝ አስመስሎ ከመተው ማውጣት ይሻላል። ይሄን ለራሳቸው ለሚስተር ፒኬት ስል ነው ያደረግኩት። የቀረው፣ በሩን ሲከፍቱለትና ልጁ ሲገባ ነው። አራት ሰከንድ። እሱን ማውጣት አይቻልም፤ አለዚያ ልጁ ሽጉጡን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም። ቀጥሎ ልጁ በኋላ ሌላ ሽጉጥ ይዞ የሚሄድበትን አስገባሁ፤ የአባቱን የወሰደ ይመስላል።

ሐሙስ፣ ጁላይ 26

ሩጫ። ፊልሙ በኦገስት መጨረሻ ይወጣል ተብሎ ኔጌቲቩ፣ ቅጂው ሁሉ የሚታተምበት ዋናው ፊልም፣ ተቆረጠ። ሙዚቃ ነገ። ከግሪር ቢሮ የመጣ ክምር ወረቀት ቆሜ ፈረምኩ፤ የሙዚቃ፣ የላቦራቶሪ፣ የመጋዘን፣ ምን ምን እንደሆነ እንጃ። ምሳ አልበላሁም።

እሑድ፣ ኦገስት 5

ሚስተር ፒኬት በድጋሚ ደወሉ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር፣ የወጣት።

"ይመጣል! ሌላንድ መልስ ጻፈልኝ። አንድ መስመር ነው። 'እመጣለሁ' ነው የሚለው። አራቴ አነበብኩት፣ አንድ መስመር አራቴ!"

ያኔ ልነግራቸው ይገባ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። "ሚስተር ፒኬት፣ ፊልም እንደሚያውቁት ነው፣ አንዳንዴ..." አልኩ።

"አንዳንዴ ምን?"

"አንዳንዴ ሰዓቱን አያከብሩም። ቀደም ብለው ይምጡ።"

"ኧረ ከአንድ ሰዓት በፊት ነው የምንደርሰው!"

በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ። ቤታቸው ሄጄ፣ ፊት ለፊት።

ሐሙስ፣ ኦገስት 16

ፊልሙ ለሕዝብ ለሙከራ የሚታየው ነገ ነው። አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 18

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ክሬንሾ ጎዳና ላይ ያለው ሲኒማ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ወጣቶቹ፣ አፍሯቸው ስክሪኑን የሚጋርድ። መሐል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሁለት ረድፍ ሙሉ፣ ሴቶቹ የፋሲካ ባርኔጣቸውን ደፍተው። ከኋላቸው የተቀመጡ ልጆች፣ "እማዬ፣ ባርኔጣውን ብታወርጂው ፊልም እናይ ነበር!" ሲሉ፣ ሲስተር ኦፊሊያ ዞራ "ይሄ ባርኔጣ ከናንተ በፊት ነው ትኬት የቆረጠው!" ብላ አሳቀቻቸው። ሚስተር ፒኬት ግራጫውን ሱፍ ለብሰዋል። ከጎናቸው ሌላንድ። ረጅም ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ የአባቱ አገጭ አለው። ክንዳቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ተጠንቅቀው ተቀምጠዋል። እኔና ማማ ከኋላቸው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርን።

ፊልሙ ጀመረ። ልጁ ከአውቶቡስ ወረደ። ሴንትራል ጎዳናን ይዞ ሄደ። ሱቁ ጋ ደረሰ፣ አንኳኳ።

ሚስተር ፒኬት በሩን ከፈቱ።

ሁለቱ ረድፍ በጭብጨባ ፈነዳ። "እሱ ነው! ብሮዘር ፒኬት! ጌታ ይመስገን!" ሲስተር ኦፊሊያ ቆመች። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ልጁ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ መንገድ ላይ ነው። ጭብጨባው እዚያው ሳሳ፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ብቻ ሲያጨበጭብ ተሰማና እሱም ተወ። ሲስተር ኦፊሊያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ይመለሳሉ ብለው ጠበቁ። ልጁ በገባበት ክፍል ሁሉ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ባርኔጣዎቹ ቀና ይላሉ። ለቀብሩ ትዕይንት ጠበቁ። ሆስፒታሉ ጋ ጠበቁ። ፊልሙ ዘጠና አንድ ደቂቃ ነው። ከሰማንያ ምናምነኛው ደቂቃ በኋላ ቀና የሚል ባርኔጣ አልነበረም።

ወጣቶቹ ግን፣ ይሄንንም መጻፍ አለብኝ፣ ወጣቶቹ በደስታ አብደው ነበር። ልጁ የመጨረሻውን ነጭ ዕፅ ሻጭ ሲጥለው ወንበር ላይ ወጡ። አንዱ "በሕይወቴ የኛ ጀግና ሳይሞት ያለቀ የመጀመሪያው ፊልም ይሄ ነው!" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ደስታው ውሸት አልነበረም። ያንን ጩኸት የሠራሁትም እኔ ነኝ፤ የተኩሱን ፍጥነት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ከዚያ ሚስተር ፒኬት ጀርባ ላይ ዓይኔ አረፈ። ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት፣ እንደ አሳላፊ።

መውጫው አዳራሽ ውስጥ ሌላንድ እጁን ዘረጋላቸው። እንደ እንግዳ ሰው ተጨባበጡ።

"ሲስተር ኦፊሊያ ዶሮ ጠብሳለች" አሉት። "ትንሽ አረፍ ብትል..."

"ረጅም መንገድ አለብኝ።"

"ሌሊት ትነዳለህ እንዴ?"

"እነዳለሁ።" ቁልፉን አወጣ። ከዚያ ሊሄድ ብሎ ቆመና፣ በንዴት ሳይሆን በድካም፣ "ለዚህ ነው የጠራኸኝ?" አላቸው።

ሚስተር ፒኬት ወደ ሰዎቹ ዞሩ። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ እየጨበጡ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ ይሉ ነበር። እኔ ጋ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አነሱ። "ደህና እደሪ፣ ሚስ ጋዝዌይ። ደክመሻል፣ እረፊ።"

ማማን በመኪና ይዤ ቤት ደረስኩ። ሞተሩን ሳጠፋ፣

"ስድስት ደቂቃ ነበር ያልሽኝ" አለች።

ሰኞ፣ ኦገስት 20

ገና ሳይነጋ ነው መጋዘኑ የደረስኩት። ቁርጥራጩን አገኘዋለሁ፣ እቀጥለዋለሁ፣ ፕሮጀክተር ይዤ ኦክላንድ ድረስ እወስደዋለሁ ብዬ ነበር።

የመጋዘኑ ኃላፊ መዝገቡን ገለጠ። "የሰዓት ቤቱ? ሄዷል። ኔጌቲቩም ቁርጥራጩም። ጁላይ ሠላሳ ላይ ነው የተጫነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ማቅለጫው። ፊልሙ ላይ ያለውን የብር ማዕድን ያወጡበታል። ቦታ አጥተን ነበርኮ።"

"ማነው የፈቀደው?"

መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ ገፋው። ሎሪን ጋዝዌይ። ከነቀኑ። የኔ እጅ ጽሑፍ ያምራል ይሉኛል ሁልጊዜ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 22

ድዋይት ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ስሙን ከፊልሙ ላይ አስነስቷል። ወደ ዲትሮይት እየተመለሰ ነው። አንድም ጊዜ አልተንተባተበም።

"ግሪር ነው የገደለው" አልኩት።

"ሎሪን፣ እንዳትዋሺኝ። እኔ ስለ ክለቡ ድብድብ ስጨቃጨቅ አፍሽን የከፈትሽው አንቺ ነሽ። 'የሰዓት ቤቱ ትንሽ ይረዝማል' አልሽ። ቃል በቃል።"

"ይረዝማል ነው ያልኩት። ይውጣ አላልኩም።"

"እነሱ እኮ ከጥቁር አፍ እስኪወጣ ነበር የሚጠብቁት። ከነሱ አፍ ቢወጣ ኖሮ እኔ እጮህ ነበር። ካንቺ ሲወጣ ምን ልበል?" ሳጥኑን አነሳ። "ዝም አልኩ። እኔም ዝም አልኩ።"

እውነት ነው፣ እንደዚያ ብያለሁ። ለምን አልኩት? ግሪር ሰዓቱን ሁለቴ ሲያይ አይቼዋለሁ። የሚፈልገውን ከሱ በፊት አውቄለት ነው። ጎበዝ እንድባል ነው። ይሄን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በጁን አልጻፍኩትም፤ "ተነሳ" ብዬ ነው የጻፍኩት። በራሱ የሚነሳ ይመስል።

እሑድ፣ ኦገስት 26

ሚስተር ፒኬት ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጓሮ ውስጥ ቲማቲም ውኃ ያጠጣሉ።

ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። "ሚስተር ፒኬት፣ ስለ ትዕይንቱ..." ስል እጃቸውን አነሱ።

"ከ1931 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ። ማን ቆረጠኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ በማግስቱ ሥራ መግባት ባልቻልኩ ነበር።"

ውኃውን ዘጉ። ቧንቧው ሥር ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጎረቤት ራዲዮ ላይ የቤዝቦል ጨዋታ ነበር።

"አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ጥሩ ነበር?"

"አዎ።"

"ለኔ ብለሽ አይደለም?"

"እስካሁን በእጄ ካለፈው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "እንግዲያው ለሌላንድ ንገሪው። እኔ ብነግረው ሽማግሌ ራሱን ሲያጽናና ነው የሚመስለው። አንቺ አይተሻል። እንዳየሽው ንገሪው።" ቁጥሩን በፖስታ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ።

ቁርጥራጩ እንደቀለጠ አልነገርኳቸውም። የፈረምኩት እኔ እንደሆንኩም። ስወጣ አንድ ከረጢት ቲማቲም ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 28

የግሪርን ውል ፈረምኩ። ይሄኛውን ቁጭ ብዬ፣ ሁሉንም ገጽ አንብቤ ነው የፈረምኩት። ማማ "ፈረምሽ?" አለችኝ። "ፈረምኩ" አልኳት። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለች፣ እንደ ባዕድ።

እምቢ የምል መስሎኝ ነበር። እስከ በሩ ድረስ እምቢ ልል ነበር።

ዓርብ፣ ኦገስት 31

ፊልሙ በአሥራ አራት ከተሞች ወጥቷል። ቺካጎ ሰልፉ መንገዱን ይዞራል አሉ። ግሪር አበባ ላከ።

ከሰዓት በኋላ ማማ ሱቅ ስትሄድልኝ ደወልኩ።

"ሌላንድ ፒኬት ነኝ።"

ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። አባቱ እንዳስደወሉኝም ነገርኩት። አልዘጋም። ስለዚህ ጀመርኩ። አንድም ነገር ሳልጨምር፣ ከበሩ አንስቼ፣ እንዴት ወንበሩን እንደሚስቡለት፣ ልጁ ሽጉጡን ስጠኝ ሲል መልስ ሳይሰጡ ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ። የሞተውን ልጃቸውን ሬሳ ለይ ተብለው ስለተጠሩበት ቀን ሲያወሩ፣ ስሙ ጋ ሲደርሱ መሣሪያውን አስቀምጠው ጣታቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ እንደሚጠርጉ። ሁሉንም አሥሩን። ስሙን የሚጠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ስክሪፕቱ ላይ እንደዚያ የሚል የለም።

"አሥሩንም?" አለኝ። የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

"አሥሩንም።"

"እናቴ የሞተች ቀን ከሆስፒታል መጥቶ እንደዚያ ነው ያደረገው። ወጥ ቤት ቆሞ። እኔ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።" ትንፋሹ ይሰማኛል። "ከዚያስ?"

ከዚያ ያለውን ነገርኩት። እስከ መጨረሻው። ልጁ ተነስቶ ሽጉጡን ሳይወስድ እስከሚወጣ።

"የት ነው ያለው? ማየት እፈልጋለሁ።"

"የለም። ቀልጧል።"

"ማነው ያወጣው?"

ግሪር ማለት እችል ነበር። ስቱዲዮው ማለት እችል ነበር። ሰምቶም ያምነኝ ነበር፤ እሱም የሚጠብቀው ያንን ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ይረዝማል ያልኩት እኔ ነኝ። የቆረጥኩትም እኔ። እንዲቀልጥ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

ከሱ በኩል ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ ይሰማል። 

"እሱ ያውቃል?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንዳትነግሪው" አለኝ። "እኔም አልነግረውም። እኔ ጋም ሁለተኛ እንዳትደውዪ።"

"እሺ።"

"ለሱ እኔ እደውላለሁ።"

ዘጋው።

ይደውል አይደውል አላውቅም። ሚስተር ፒኬትን ልጠይቃቸው አልችልም። ማማ ስትመለስ አሁንም መነጋገሪያውን ይዤ ቆሜ ነበር። "ማን ነው?" አለችኝ። ቁጭ በይ አልኳት፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።